ስማችሁ በዝርዝሩ ላይ ሲወጣና ሳይወጣ

ውድ ወጣት የሙያ ባልደረቦቼ፣

የምሠራበት የውሃና ፍሳሽ ምህንድስና ድርጅት በየሩብ ዓመቱ መጨረሻ አንድ ገጽ ማስታወቂያ ያወጣል። ማስታወቂያው በደረጃ ያደጉ፣ አዲስ የተቀጠሩና የተሸለሙ የሚሉ ሦስት ርእሶች አሉት። ከእያንዳንዱ ርእስ ሥር ጥቂት ስሞችና ፎቶግራፎች ይደረደራሉ፤ ከስሙም ቀጥሎ "በትጋቱ የተመሰገነ" ወይም "የብዙ ዓመት ልምድ ያካበተች" የሚሉ፣ ከአንዱ ሩብ ዓመት ወደ ሌላው ሲገለበጡ የኖሩ ቃላት ይከተላሉ። ይህን ወረቀት ለ38 ዓመታት አንብቤዋለሁ፤ በአሥራ አምስቱ ዓመታት ደግሞ ስሞቹን ከሚመርጡት ሰዎች አንዱ ነበርሁ። በመሆኑም ወረቀቱ ስለማይነግራችሁ ነገር ልጽፍላችሁ ተነሥቻለሁ።

ወረቀቱ ሦስቱንም ነገሮች በአንድ ዓይነት የምሥራች ድምፅ ያነባቸዋል። እኔ እንደምረዳው ግን ቅጥር ድርጅቱ ገና ባላየው ሥራ ላይ የሚጥለው እምነት ነው፤ ሽልማት አልፎ ለታየ ሥራ የሚሰጥ ምስክርነት ነው፤ የደረጃ እድገት ደግሞ ከእንግዲህ በሰነዶች ላይ የማን ፊርማ እንደሚያርፍ የሚወስን ውሳኔ ነው። ከሦስቱ ከባዱ የመጨረሻው ነው፤ ምክንያቱም ከዚያ ፊርማ ማዶ ፈራሚውን ፈጽሞ የማያውቅ፣ ነገር ግን ውሃውን አምኖ የሚጠጣ ሰው አለ። ሥራችን በደንብ ሲሠራ የማይታይ መሆኑም ነገሩን ያወሳስበዋል። ቧንቧ ሲከፈት ውሃ ይመጣል፣ መጸዳጃ ሲለቀቅ ፍሳሹ ይሄዳል፤ በዚያ መካከል ስንት ሰው ስንት ነገር እንዳስተካከለ የሚያስብ የለም። መራጮችም ሰዎች ናቸውና ዓይናቸው ወደሚታየው ነገር ይሄዳል። ከዚህ በታች የምጽፍላችሁ በሙሉ ያ የማይታየው ሥራ እንዴት እንደሚታወቅ፣ እናንተም በተራችሁ መራጮች ስትሆኑ እንዴት እንደምትፈልጉት የሚመለከት ነው።

በስድስተኛው የሥራ ዓመቴ ሲኒየር መሐንዲስ እሆናለሁ ብዬ በእርግጠኝነት ጠብቄ ነበር። የማከፋፈያ መስመሮችን ስሌት ከእኔ በፍጥነት የሚሠራ በቢሮው ውስጥ አልነበረም፤ ይህንንም ሁሉም ያውቅ ነበር፤ እኔም አልደበቅሁትም። ዝርዝሩ ሲወጣ ግን ያደገው ከጎኔ የሚቀመጠው፣ እኔ በሁለት ቀን የምጨርሰውን በአራት ቀን የሚጨርሰው ባልደረባዬ ሆኖ ተገኘ። ዓመት ሙሉ አኩርፌ ሠራሁ ብል አልዋሽም። በኋላ ኃላፊዬ ጠርቶኝ የሁለታችንንም የስሌት ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘረጋቸው። የእኔ ወረቀት በቁጥሮች የተሞላ ነበር፤ ቁጥሮቹም ትክክል ነበሩ። የእሱ ወረቀት ላይ ግን ከእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ ከየት እንደመጣ፣ የትኛው እንደተለካ፣ የትኛው እንደተገመተ፣ የትኛውም እንደሚያጠራጥረው በደቃቅ ጽሑፍ ሰፍሯል። "አንተ ነገ ብትታመም ይህን ሥራ ማን ያነብበዋል?" ሲል ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። የፓምፕ ጣቢያ ለአርባ ዓመት ይሠራል፤ የነደፈው ሰው ግን በዚያ ድርጅት ውስጥ አርባ ዓመት አይቀመጥም። ሌላ ሰው ሊፈትሸው የማይችል ትክክለኛ ስሌት ለድርጅቱ ግማሽ ሥራ መሆኑን የተረዳሁት ያን ቀን ነው።

ስለ ደረጃ እድገት ስንነጋገር ሁልጊዜ የማነሣው ሌላ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 በካናዳ ኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር፣ አምስት ሺህ ያህል ነዋሪ በነበራት በዎከርተን ከተማ፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ ከእርሻ ማሳ የመጣ የከብት ፍግ ብክለት ጥልቀት ወደሌለው የውሃ ጉድጓድ ገባ። ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ በመጠጥ ውሃው በኩል ተሰራጭቶ ሰባት ሰዎች ሞቱ፤ ከ2,300 በላይ የሚሆኑም ታመሙ። ከዚያ በኋላ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን እንደደረሰበት፣ የጣቢያው ሠራተኞች ጀርሞችን ለመግደል ተጨምሮ በውሃው ውስጥ የሚቀረውን ክሎሪን በየቀኑ መለካት ሲገባቸው ለዓመታት ሳይለኩ በመዝገቡ ላይ 0.5 ወይም 0.75 ሚሊግራም በሊትር የሚል ቁጥር ይጽፉ ነበር። ልኬቱ በየቀኑ በትክክል ቢከናወን ኖሮ የጉዳቱ ስፋት በእጅጉ ይቀንስ ነበር።

ይህን ታሪክ ብዙ ሰው የሐሰተኛ መዝገብ ታሪክ አድርጎ ያነሣዋል፤ ልክም ነው። እኔ የማነሣው ግን በእድገቱ በኩል ነው። ጣቢያውን የሚመሩት ሰዎች የሙያ ማረጋገጫቸውን ያገኙት ሥልጠና ወስደውና ፈተና አልፈው አልነበረም፤ የምስክር ወረቀት ሥርዓቱ ሲጀመር በሥራው ላይ በቆዩበት ዘመን ብቻ ታስቦ ነው የተሰጣቸው። ክፉ ሰዎች እንዳልነበሩ የሚያሳየው ደግሞ ውሃው ንጹሕ ነው ብለው ከልባቸው በማመን ክሎሪን ያልገባበትን እነርሱ ራሳቸው ይጠጡት የነበረ መሆኑ ነው። ክሎሪን ለምን እንደሚጨመር፣ ቀሪው መጠን በድንገት ሲወርድ ምን እየነገራቸው እንደሆነ ማንም በወጉ አላስተማራቸውም፤ ማዕረጉን የሰጣቸው አካልም አልጠየቃቸውም። ስለዚህ አንድ ሰው "እዚህ ቤት አሥር ዓመት ሠርቻለሁ፤ ተራዬ ደርሷል" ሲለኝ አሥሩን ዓመት አከብራለሁ፤ ግን በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ስንት ጊዜ "ለምን?" ብሎ እንደጠየቀ ለማወቅ እሻለሁ። በአንድ ዓመት የተማረውን አሥር ጊዜ የደጋገመ ሰውና በእርግጥ አሥር ዓመት የሠራ ሰው በሰው ሀብት መዝገብ ላይ እኩል ናቸው። እነርሱን ለይቶ ማወቅ የመራጩ ሥራ ነው።

አንዲት ወጣት መሐንዲስ አስታውሳለሁ። ፍሳሹ በራሱ ስበት እንዲወርድ የተነደፈ መስመር ላይ የሁለት የተለያዩ የቅየሳ መነሻ ከፍታዎችን አደባልቃ ኖሮ፣ ስዕሉ ወደ ጨረታ ሊወጣ ሦስት ቀን ሲቀረው የመስመሩ አንድ ክፍል በአርባ ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ እንደሚያዘነብል ራሷ ደረሰችበት። በቢሮው ውስጥ ሌላ ያስተዋለ አልነበረም። ዝም ብላ አስተካክላ ማለፍ ትችል ነበር፤ እርሷ ግን ስህተቱን፣ እንዴት እንደተፈጠረና በሌሎች ሁለት ስዕሎች ላይም ሊኖር እንደሚችል በአንድ ገጽ ጽፋ ለሁላችንም አስተላለፈች። በአንደኛው ስዕል ላይም ያው ስህተት ተገኘ። በዚያ ዓመት የእድገት ኮሚቴው ሲሰበሰብ አንድ አባል ያችን ገጽ አውጥቶ "ይህን ያህል ስህተት የሠራ ሰው እንዴት ይታያል?" ብሎ ተከራከረ። ረጅም ክርክር ነበር፤ እርሷም በዚያ ዓመት ሳታድግ ቀረች። ያደገችው በተከታዩ ዓመት ነው። በዚያ ስብሰባ ድምፄን ከፍ አድርጌ አለመሟገቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ስህተቱን የሚያሳውቅ ሰው ሲቀጣ ያዩ ሌሎች ወጣቶች ከዚያ ምን እንደተማሩ ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም።

ሌላም የራሳችን ጥፋት ነበር። ጎበዝ ባለሙያ ሁሉ ኃላፊ መሆን አለበት ብለን እናምን ነበር፤ ምክንያቱም የደመወዝ እርከኑ ከዚያ ውጪ ወደ ላይ የሚያስወጣ መንገድ አልነበረውም። በቧንቧ ውስጥ የሚፈጠረውን ድንገተኛ የግፊት መናወጥ በማስላት ተወዳዳሪ ያልነበረውን ሰው የመምሪያ ኃላፊ አደረግነው። ቀኑን በስብሰባና በፈቃድ መጠየቂያ ቅጾች ሲያሳልፍ ሁለት ዓመት ቆየና ሥራውን ለቆ ሄደ፤ እኛም ኃላፊም ባለሙያም አጣን። ከዚያ በኋላ ነው ማኔጅመንት ውስጥ ሳይገቡ በሙያ ብቻ የሚታደግበት፣ ደመወዙም የሚስተካከልበት ሁለተኛ መሰላል የተዘረጋው። በምትሠሩበት ቤት እንዲህ ያለ መሰላል መኖር አለመኖሩን ከመቀጠራችሁ በፊት ጠይቁ። ሰውን መምራት የምትወዱ ከሆነ ግን አትፈሩት፤ ጥሩ ኃላፊ ማጣትም ለጣቢያ አደጋ ነው።

ወደ ቅጥር ልምጣ። በቃለ መጠይቅ ላይ ለብዙ ዓመታት የተጠቀምሁበት አንድ ወረቀት ነበረኝ፤ አሁን ጡረታዬ ስለደረሰ ምስጢሩን ባወጣ ጉዳት የለውም። የአንድ የመጠጥ ውሃ ማጣሪያ ጣቢያ የወር መዝገብ ነው። የውሃው መጠን ከቀን ወደ ቀን ይለያያል፣ የጥሬ ውሃው ድፍርስነት ዝናብ በጣለባቸው ቀናት ይጨምራል፣ ሙቀቱም ከፍና ዝቅ ይላል። የቀሪ ክሎሪን ዓምድ ላይ ግን ለሠላሳ ቀናት ሙሉ 0.5፣ 0.5፣ 0.5 ተብሎ ተጽፏል። ለተወዳዳሪው ሰጥቼ "ስለዚህ ጣቢያ ምን ትላለህ?" እለዋለሁ። የሚበዙት፣ ከፍተኛ ውጤት ይዘው የተመረቁትን ጨምሮ፣ ጣቢያው የተረጋጋ እንደሆነ እያደነቁ ይመልሱልኝ ነበር። ክሎሪን ግን ከውሃው ጥራት፣ ከሙቀቱና ከቆይታው ጊዜ ጋር የሚለዋወጥ ነገር ነውና እንዲህ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ መሣሪያው ተበላሽቷል፣ ወይም የለካ ሰው የለም። አንዲት ተወዳዳሪ ወረቀቱን ለጥቂት ጊዜ አየችና "ይህን የጻፈውን ሰው ማነጋገር እፈልጋለሁ" አለች። ከዚያ በኋላ ብዙ ጥያቄ አልጠየቅኋትም።

የሥራ ልምዳችሁን ስትጽፉ "በትልቅ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ፕሮጀክት ተሳትፌያለሁ" የሚል ዓረፍተ ነገር ለአንባቢው ምንም አይነግረውም። የጣቢያው ትልቅነት የእናንተ አይደለም። እጃችሁ የሠራውን ጻፉ፤ "የመግቢያውን የማጥለያ ወንፊት ቦይ ስፋትና የውሃውን ፍጥነት አስልቻለሁ፤ ስሌቱን ሲኒየር መሐንዲስ ፈትሾታል፤ በአስተያየቱ መሠረት የቦዩን ወለል ቀይሬያለሁ" ብላችሁ ብትጽፉ መራጩ ወንበሩን ወደ ፊት ያስጠጋል። የተፈተሸ ሥራ እንዳላችሁና ፍተሻውን እንደተቀበላችሁ በሦስት መስመር አሳይታችኋልና።

ከተቀጠራችሁ በኋላ ደግሞ የመጀመሪያውን ዓመት በሳይት እንድታሳልፉት እለምናችኋለሁ። ከኦፕሬተሮች ጋር ሌሊት ተራ ግቡ። ማንሆል ውስጥ ለመውረድ የጋዝ መለኪያ፣ የደህንነት ገመድና ከላይ የሚጠብቅ ሰው ለምን እንደሚያስፈልግ ከእነርሱ ተማሩ። ከፍሳሽ የሚወጣው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለ ጋዝ በትንሹ ሲሆን እንደ በሰበሰ እንቁላል ይሸታል፤ ከአንድ ሚሊዮን አንድ መቶ እጅ ያህል ሲደርስ ግን የማሽተት ሕዋሳትን ስለሚያደነዝዝ ሽታው የጠፋ ይመስላል፤ ሰው አደጋው አለፈ ብሎ የሚወርደውም ያን ጊዜ ነው። ይህን ከመጽሐፍ ማንበብ ይቻላል። ሽታ ሲጠፋ ወደ ኋላ የሚሸሽ ኦፕሬተር ፊት ማየት ግን ሌላ ትምህርት ነው። (በዚህ አጋጣሚ፣ "የሳይት ሥራ ለሴት ይከብዳል" በሚል ቸርነት የሚመስል ሰበብ ወጣት ሴት መሐንዲሶችን ቢሮ ውስጥ አስቀምጠው፣ ከዓመታት በኋላ የሳይት ልምድ የላቸውም ብለው እድገት የሚከለክሉ ኃላፊዎችን አይቻለሁ። እህቶቼ፣ እንዲህ ያለ ደግነት ሲቀርብላችሁ በጨዋነት እምቢ በሉ።)

ስለ ሽልማት የምጽፈው ትንሽ ይመረኛል፤ ታገሡኝ። ቡድናችን የነደፈው አንድ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ተመርቆ በተከፈተበት ዓመት የዲዛይን ሽልማት አገኘ። እኔም በመድረኩ ላይ ከቆሙት አንዱ ነበርሁ። ጣቢያው የታቀደው ከሃያ ዓመት በኋላ ይደርሳል ለተባለው የፍሳሽ መጠን ነበር፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚደርሰው ግን ከዚያ ሲሶውም አልነበረም። ቆሻሻውን ለሚበሉት ረቂቅ ተሕዋስያን አየር የሚነፉት ብሎወሮች ከአቅማቸው ግማሽ በታች መውረድ አይችሉም ነበር። በአየር መስጫ ገንዳ ውስጥ በሊትር ሁለት ሚሊግራም ያህል የሟሟ ኦክስጅን ሲበቃ፣ በእኛ ገንዳ ውስጥ ስድስትና ሰባት ይገኝ ጀመር። የኤሌክትሪክ ፍጆታው ናረ፤ ዝቃጩ እየተሰባበረ በማዝቀጫው ገንዳ ላይ ይንሳፈፍ ነበር። ችግሩን የፈታው አንድ የሌሊት ኦፕሬተር ነው። ብሎወሮቹ በየስንት ደቂቃው ቆመው በየስንት ደቂቃው መነሣት እንዳለባቸው ለሦስት ወር በራሱ ደብተር እየመዘገበ የሰዓት መርሐ ግብር አወጣ፤ ጣቢያውም ሠራ። የሽልማቱ ሰሌዳ ግን በስብሰባ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀረ፤ የኦፕሬተሩ ስም በየትኛውም ሩብ ዓመት ዝርዝር ላይ አልወጣም።

ከዚያ በኋላ በድርጅቱ ውስጥ የሚሰጠው የዲዛይን ሽልማት ጣቢያው ሦስት ዓመት ሳይሠራ እንዳይሰጥ፣ በእጩነት ወረቀቱም ላይ የሚያንቀሳቅሱት ሰዎች አስተያየት እንዲጨመር ሐሳብ አቀረብሁ። የገበያ ጥናት ክፍል አጥብቆ ተቃወመ፤ ተቃውሞውም ከንቱ አልነበረም፤ በጨረታ ላይ ሽልማት ነጥብ ያስገኛል፣ ነጥቡ ሥራ ያመጣል፣ ከሥራው ደመወዛችን ይወጣል። በመጨረሻ ለውስጥ ሽልማት ሐሳቤ ተቀባይነት አገኘ፤ ለውጭ ውድድር ግን የቀድሞው አሠራር ቀጠለ። ስለዚህ ሽልማትን ናቁት አልላችሁም። የሚለካው ምን እንደሆነ ግን እወቁ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው የምርቃቱን ቀን ነው።

የዚህ ሙያ እውነተኛ ምስክርነት ዘግይቶና ሳይጠበቅ ነው የሚመጣው። መሐንዲሱ ጆሴፍ ባዛልጌት በለንደን የዘረጋው ታላቅ የፍሳሽ መስመር በአብዛኛው ተጠናቆ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1866 ኮሌራ ዳግመኛ ወደ ከተማይቱ ገባ። ወረርሽኙ የበረታው መስመሩ ገና ባልተጠናቀቀበት በምሥራቁ የከተማ ክፍል ነበር። ለአንድ መሐንዲስ ከዚያ የሟቾች ሠንጠረዥ የሚበልጥ የምስክር ወረቀት ምን እንደሚሆን አላውቅም፤ እንዲህ ባለ ዋጋ የሚመኘው ግን የለም።

ስማችሁ ሲጠራ ደግሞ አብረዋችሁ የሠሩትን በስማቸው ጥሩ፤ "ቡድኔን አመሰግናለሁ" የሚለው ማንንም አያመሰግንም። እ.ኤ.አ. በ1919 በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት ለመጠጥ ውሃ የሚጨመረውን የክሎሪን መጠን በአስተማማኝ መንገድ ለመወሰን የሚያስችለውን ዘዴ ያወጡት መሐንዲሱ አቤል ወልማንና ኬሚስቱ ሊን ኤንስሎ በጋራ ነበሩ። ወልማን ረጅም ዕድሜ ኖሮ የአገሩን ከፍተኛ የሳይንስ ሜዳሊያ አገኘ፤ ይገባውም ነበር። የኤንስሎን ስም ግን የሙያውን ታሪክ ከሚያነብቡት ውጪ የሚያውቀው ጥቂት ነው። ሁለት ስም በአንድ ሥራ ላይ ሲሰፍር አንዱ ከጊዜ ጋር እየደበዘዘ ይሄዳል፤ እናንተ ካልደገማችሁት ማንም አይደግምላችሁም።

የቀረኝ የምዘና ወቅት ጉዳይ ነው። ዓመቱን ሙሉ አንድ ደብተር ያዙ፤ ቀኑን፣ ያስተዋላችሁትን፣ የቀየራችሁትን፣ ባይቀየር ሊደርስ ይችል የነበረውን በሁለት በሁለት መስመር ጻፉበት። ያልፈነዳ ቧንቧ ዜና ስለማይሆን፣ እንዳይፈነዳ ያደረገውን ሰው የሚያስታውስ ያ ደብተር ብቻ ነው። የምዘና ቅጹን ስትሞሉ ከደብተሩ አምስት ነገር ምረጡ፤ ከአምስቱ አንዱ ስህተታችሁ ይሁን።

በዘንድሮው ዝርዝር ላይ ስማችሁ ካልተገኘም ኃላፊያችሁን በጽሑፍ ቀጠሮ ጠይቁና ስትገናኙ "ለምን አላደግሁም?" አትበሉት፤ ያ ጥያቄ የሚያመጣው ማባበያ ነው። ይልቁንም "ዛሬ በየትኛው ሰነድ ላይ በእኔ ፊርማ ብቻ ትተማመናለህ? በየትኛው ላይስ ገና ነው?" ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን እዚያው በፊቱ በደብተራችሁ ላይ ከነቀኑ ጻፉት፤ ከስድስት ወር በኋላም ያንኑ ገጽ ይዛችሁ ተመለሱ።